ካዝናው ሲወጣ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ጠዋት 2፡30
ዘይት እየቀባሁ ነው። ደብተሬ፣ ዛሬም ወሬው ሽጉጥ ነው፤ የክለብ መሣሪያ ጠባቂ ስለ ጽጌረዳ አይጽፍም። ከአዲስ አበባ የመጣችው አዲሷ ባለ ሃያ ሁለት ካሊበር የዒላማ ሽጉጥ የጥይት ካዝናዋ ከወጣ አትተኩስም። ጥይት ስትጎርስ ጎኗ ላይ ቀይ ነጥብ ብቅ ይላል። አፈሙዟ ላይ ማስጠንቀቂያ ተቀርጿል፤ ማንም ያላነበበው አጭር ልቦለድ። የአሮጌዋ ሽጉጣችን ሴፍቲ ግን አንዲት ቁራጭ ብረት፤ የቀረው በእግዜር።

አሰልጣኙ ሳጅን ሐምዛ የአዲሷ ቃታ ከበደ ይላል። "ይሄ ሽጉጥ ነው ቢሮ? ወረቀት ካላሟላህ አይሰራም።" ካዝና ሲወጣ ቃታውን የሚቆልፈውን ብረት ፍታልኝ አለ። አልፈታም አልኩ። ኩርፊያ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
ሃዋ፣ በወሩ መጨረሻ ለውድድር የምትሄደው ተኳሻችን፣ የአዲሷን ሽጉጥ ካዝና አወጣች፤ ቃታ ሳበች። ጭጭ። "ባዶ ነው ጋሼ።" ቀይዋ ነጥብ አፍጥጣብናለች። የላይኛውን ብረት ስስበው ጥይቷ ዱብ። ዝም ያለችው ካዝና ስለሌላት እንጂ ባዶ ስለሆነች አይደለም፤ አሮጌዋ ብትሆን ተኩሳ ነበር አልኳት። ሐምዛ፣ "ተወው፣ ሃዋ ጎበዝ ናት።"

በር ላይ በትልቁ ለጠፍኩ፦ ካዝና አውጣ፣ ስበህ በዓይንህ እይ፣ ቃታ አትንካ። ያነበበው ከመንጌ ወረዳ የመጣ አንድ እንግዳ ብቻ። አንብቦ ሲጨርስ ሽንት ቤቱ የት ነው አለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21፣ 9፡00
ዝናብ ልምምዱን አቋረጠው። ሁለቱም ሽጉጦች ጠረጴዛ ላይ። ሰሞኑን የያዝኩት አዲሷን ብቻ ነው፤ እጄ እሷን ለምዷል። አሮጌዋን አነሳሁ፣ ካዝናዋን አወጣሁ፣ ስለ ሰው ስንፍና እያወራሁ ቃታ ሳብኩ።

ተኮሰች።

ግድግዳው ሥር ያለው የአሸዋ ጆንያ ተበሳ። ከሃዋ እግር አንድ ክንድ ቢሆን ነው። የዒላማ ወረቀት ታቅፋ ቆማ ነበር።

ከዚያ ሐምዛ፣ "በሩ ላይ ያለውን የጻፈው ማነው?"

ዓርብ፣ ጥቅምት 22፣ ጠዋት
ሐምዛ ዝም እንበል ይላል። የተጎዳ የለም፤ መዝገብ ከገባ የመሣሪያ ክፍሉን ቁልፍ ይቀሙሃል። እውነቱን ነው። ከዚህ ቁልፍ ሌላ ሥራ አላውቅም።

ሃዋን ምን ትያለሽ አልኳት። አሮጌዋን አነሳች፣ አፈሙዟን ወደ ጆንያው አዞረች፣ ካዝናዋን አወጣች፣ ስባ በዓይኗ አየች። ደግማ አየች። ከዚያ አቀበለችኝ። "እርስዎም ይዩ፣ ጋሼ።"

አየሁ።

መዝገቡ ላይ ስሜን እስከ አያቴ ጻፍኩ። አሮጌዋ ከአገልግሎት ትውጣ ብዬ ጨመርኩበት። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ የክለቡ ኃላፊ ሲገባ አስረክባለሁ። ውጭ ባጃጅ ቆመ። እሱ ሳይሆን አይቀርም።