«ተጠረግሁ» ያልኩህ ቀን

ውድ ሀሚዱ፣

አሰላሙ አለይኩም። ይህን ደብዳቤ ኑርሀያት ቅዳሜ ወደ ጂዳ ስትመለስ ይዛልህ ትመጣለች። በስልክ እንዳልነግርህ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አላነሳህልኝም። ከእናትህ ጋር ግን በየቀኑ ታወራለህ። ስልካቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ሲወጡ አያለሁ።

ያን ቀን ከደሴ ክሊኒክ ደውዬ «ማህፀኔን ተጠረግሁ» አልኩህ። ቃሉን የወሰድኩት ከነርሷ አፍ ነው፤ እንዳለችው ደገምኩት። አንተ «ኔትወርኩ ነው» ብለህ ዘጋህ። ኔትወርኩ ደህና ነበር ሀሚዱ። እኔ ሞኟ፣ መልሰህ ትደውላለህ ብዬ ሐይቅ እስክደርስ ስልኩን በእጄ ይዤ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ባሏ ዓረብ አገር ከሄደ ሁለት ዓመት ያለፈው ሴት «ተጠረግሁ» ስትል ሰው ፅንስ ያስወረደች እንደሚመስለው የገባኝ ቤት ገብቼ ከተኛሁ በኋላ ነው።

የሆነው ይህ ነው። ጦርነቱ ከከተማችን ከወጣ በኋላ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ደም አልቆም አለኝ። ሐኪሙ ማህፀኔ ውስጥ የባቄላ ፍሬ የምታህል እባጭ አገኘና አወጣት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ክፉ ነገር አይደለም፣ ለሳምንት ጀሪካን አታንሺ፣ ትኩሳት ከመጣ ተመለሽ አለኝ። በቃ።

እናትህ ግን ሲቀበሉኝ ያንኑ «ተጠረግሁ» ስላቸው ፊቴን እንኳ ደፍረው አላዩም። መጋረጃ ጋርደው አስተኙኝ። እንደ አራስ ገንፎ አገነፉልኝ። ጨርቄን ማንም ሳያይ ራሳቸው አጠቡ። ጎረቤታችን ስህን ልትጠይቀኝ ስትመጣ «ወገቧን አሟት ነው፣ ተኝታለች» ብለው ከደጅ መለሷት። ለአንተም ይህንኑ ሲሉህ በመስኮት ሰማሁ። ቆሽቴ አረረ! እኔ ተጠረግሁ ስልህ እሳቸው ወገቧን ይሉሃል፤ ሁለት ወሬ የሰማ ባል የቱን ይመን? ሆን ብለው ነው፣ ሊያፋቱኝ ነው አልኩ።

በአምስተኛው ቀን የክሊኒኩ ወረቀት ከቦርሳዬ ጠፋ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ታዲያ ለማን አስነበቡት? ፎቶ አስነስተው ልከውልህ ይሆን? ከዚያ ወዲያ ገንፎውን እንኳ እየተጠራጠርኩ ነው የበላሁት።

በስምንተኛው ቀን አላስቻለኝም። «እማ ራዚያ፣ ወረቀቴን ለምን ወሰዱብኝ?» አልኳቸው።

ከጉያቸው አወጡት፤ እንደታጠፈ ነው።

«ማንም አላነበበው። ሰው እንዳያይብሽ ብየ ነው» አሉኝ። «አብሽሪ ልጄ፣ ሀሚዱም አይሰማ። ጦሩ ሲገባ ቤት ጠብቂ ብየሽ፣ ብቻሽን ጥየሽ ወደ አምባሰል የሸሸሁት እኔ ነኝ። ያደረጉሽን አላህ ይጠይቃቸው። ወንጀሉ የኔ ነው፣ ያንች አይደለም።»

ለካ እኔ እሳቸውን ስጠረጥር፣ እሳቸው ወታደሮች ደፍረዋት አርግዛ ነው ብለው ስምንት ቀን ሙሉ አልቅሰውልኛል።

«ወላሂ ማንም አልነካኝም!» ብዬ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው።

«እሽ ልጄ፣ እንዳልሽው ይሁን» አሉና ገንፎውን ሊያማስሉ ተነሱ።

አላመኑኝም። ዛሬ አሥረኛ ቀኔ ነው፣ ደሙ ቆሟል፣ ወገቤም ደህና ነው፤ እሳቸው ግን አሁንም ጀሪካን አያስነኩኝም። አፍሬያቸዋለሁ ሀሚዱ፣ በራሴም አፍሬያለሁ።

ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልልክልህ ፖስታው ውስጥ ከትቼው ነበር። መልሼ አወጣሁት። እናትህ ከዚህ የከፋ ደርሶባታል ብለው፣ ሳያነቡ ሰተሩኝ፣ ገመናዬን ሸሸጉልኝ። አንተ ምን ብለህ እንደጠረጠርከኝ አልጠይቅህም። ወረቀቱ ትራሴ ሥር ነው። ደውልና መጀመሪያ «ተሻለሽ ወይ?» በለኝ፤ ያኔ ቃል በቃል አነብልሃለሁ። አስቀድመህ ስለ ወረቀቱ ከጠየቅኸኝ ግን፣ እኔም «ኔትወርኩ ነው» ብዬ እዘጋዋለሁ።

ድምፅህን የምትጠብቀው
ሳጂዳ
ሐይቅ፣ የካቲት 2014