እግሬ እንዳይደነዝዝ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9፤ ጅዴይዴ

የአገሬ ልጅ ዘይነብ ዛሬ ከቀትር በኋላ እዚህ ሆስፒታል ሴት ልጅ ወለደች። ምጡ ከጠዋት ጀምሮ ነበር። ወገቧን በሙቅ ውሃ በነከርኩት ፎጣ እያሸሁ "ማርያም፣ ማርያም" ስል፣ የወሎ ሙስሊም ብትሆንም እሷም አብራኝ ትጣራለች። አንዴም አልጮኸችም፤ የሻሿን ጫፍ ነክሳ ቻለችው።

የሚያደነዝዘውን የጀርባ መርፌ ለምን እንዳልወጓት ነርሷን ጠየቅኳት።

"እሷ ናት እምቢ ያለችው" አለች፣ ፊቴን ሳታይ።

አላመንኳትም። ጋዜጣ ቤት ሳለሁ የለመደብኝ ነው፤ የአንድ ወገን ቃል ብቻ ይዤ አልጽፍም ነበር። ዘይነብን ጠየቅኳት።

"እውነቷን ነው እትዬ። እርስዎ ውሃ ሊያመጡ ሲወጡ ጠየቀችኝ፤ ላ፣ አልፈልግም አልኳት።"

"ምነው ልጄ፣ ይህን ሁሉ ከምትሰቃዪ?"

"እግር ያደነዝዛል አለችኝ። እኔ ደግሞ በዚህ አረብ አገር የመኖሪያ ወረቀት የለኝም። ልጄን ይዘውብኝ ቢሄዱ በምን እግሬ ልከተላቸው?"

"ኸላስ፣ በቃ፤ ልጅሽን ማንም አይወስድም" ብዬ ተቆጣኋት።

ከወለደች በኋላ ነርሷ ሕፃኗን ልትመዝን ታቅፋ ወጣች። ዘይነብ የአልጋውን ብረት ይዛ ልትነሳ ታገለች። አስተኛኋትና እኔው ተከትዬ ወጣሁ። ሚዛኑ ያለበት ክፍል በር ላይ ቆሜ ዓይኔን ከነርሷ እጅ አልነቀልኩም።

"ምን ፈራሽ?" አለችኝ እየሳቀች።

ሕፃኗን ራሴ ተቀብዬ ተመለስኩ።

አሁን ሁለቱም ተኝተዋል። ዘይነብ ነጠላ ጫማዋን ግን አላወለቀችም፤ እኔም አውልቂ አላልኳትም።