ስለሌለው ፍሪሲዮን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ፤ በተለይም የወገብዎን ነገር፣ ምክንያቱም ወገብ ካልታመመ በቀር መኖሩ የማይታወቅ መሆኑን እኛ ቤት በሚገባ ተምረናል። ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ላደርስ ሁለት ጊዜ ደጅዎ መጥቼ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ጋዜጣ እንደሚያነቡ ሰምቼ በዚህ በኩል መምጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

እኔ የዚያች ረጅም፣ ግራጫ፣ የናፍጣ የቤተሰብ መኪና ባለቤት ነኝ። ጠዋት ስትነሣ እንደ ወፍጮ ስለምታጓራ ጎረቤቶቼ የሚቀሰቅሳቸው ሰዓት አያስፈልጋቸውም። የኋላ ወንበሮቿ ሲታጠፉ ግን አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ ይተኛባታል፤ የገዛናትም ለዚሁ ነው። ባለቤቴ ግንበኛ ነበር፤ ከመወጣጫ ወድቆ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ መቀመጥ ስለማይችል፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሐኪም ቤት የሚሄደው ተኝቶ ነው። የእኔም ግራ ጉልበት አልታጠፍ ስላለ ማርሿን ራሷ የምትቀይር አውቶማቲክ መረጥን። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ፊደል ቆጠርኩ፤ ያስቆጠረኝም እሱ ነው። አሁንም ቀይ መብራት በያዘን ቁጥር ከኋላ ተኝቶ "ሴትዮ፣ ያ ሰሌዳ ምን ይላል?" ይለኛል፤ እኔም የሱቁን ስም ሳልጨርስ አረንጓዴ እየበራ ስንት ጥሩምባ ተነፍቶብኛል። አንድ ቀን አንድ መንገደኛ ሬሳ የጫንን መስሎት ቆቡን ቢያወልቅ፣ ባለቤቴ ከተኛበት እጁን አንሥቶ ሰላም አለው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ መርማሪዎን ስለ ትጋታቸው አመሰግናለሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብተው ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠውን ፍሪሲዮን በእግራቸው ፈለጉት፤ ቢያጡት ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዳሰሱ። "አውቶማቲክ ናት፣ ፍሪሲዮን የላትም" ብላቸው፣ "እማማ፣ እሱን ቅጹ አይጠይቅም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በቅጹ ላይ ከፍሪሲዮን ፊት ያሉት ሳጥኖች ሁለት ብቻ ናቸው፤ "ይሠራል" እና "አይሠራም"። የሌለ ነገር ደግሞ አይሠራም። ስለዚህ መኪናዬ ወደቀች።

ሁለተኛው ምስጋና ይከብደኛል፤ ቢሆንም የሌላውን ጥፋት ስጽፍ የራሴን ልደብቅ አልፈልግም። መስኮቱ ጋ ያሉት ሠራተኛ ወረቀቱን ገፋ አድርገው "አንብበው ይፈርሙ" አሉኝ። ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ ነበረ። እኔ የማነበው ቀስ ብዬ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነው። ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ሳለሁ አንዱ "ምነው፣ ልብ ወለድ ነው እንዴ?" ሲል ሰልፉ ሳቀ። ያኔ ከንፈሬን ገጠምኩና፣ የተማረ ሰው ሲያነብ እንዳየሁት ዓይኔን ብቻ ከላይ እስከ ታች አወረድኩት። ራሴንም ነቀነቅኩ። ከዚያም ባለቤቴ ስድስት ወር ያለማመደኝን ያንን የሚያምር ፊርማዬን አኖርኩ።

ያነበብኩት ጋራዥ ደርሼ ነው። መካኒኩ ወረቀቱን አይቶ "እትዬ፣ ይህማ ለፈረስ ቀንድ አብቅል እንደ ማለት ነው" ብሎ ሲስቅ ቆየና፣ የታችኛውን መስመር በጥቁር ጣቱ እያሳየኝ "ግን እኮ ፈርመዋል" አለኝ። "የተጠቀሰውን ጉድለት አምኜ ተቀብያለሁ፤ እስኪጠገን ድረስም መኪናውን አልነዳም" ይላል። ቃሎቹ አንድም ከባድ አልነበሩም። ሁሉንም ማንበብ እችል ነበር።

ሦስተኛ፣ ወደ መስኮቱ ተመልሼ ስጮኽ እኚያው ሠራተኛ "አምነው ስለፈረሙ አቤቱታ አንቀበልም" ብለው ስላሳረፉኝ ክብረት ይስጥልኝ።

አራተኛውን ለእርስዎ ሳይሆን ለራሴ ነው የምጽፈው። ይኸው ሦስት ሳምንት፣ ባለቤቴ ሐኪም ቤት የሚሄደው በጎረቤታችን በአትክልት ነጋዴው ክፍት ጭነት መኪና ላይ፣ በጎመን ሣጥኖች መካከል ፍራሽ ተነጥፎለት ነው። ባለፈው ሳምንት ዝናብ መጣና ሸራ አለበስነው። መንገዱ ባንገጫገጨው ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል። ቤት ስንገባ "የእኔ ወገብ፣ የእሷ ማርሽ፤ አብረን አረጀን በያት" ብሎ ይቀልዳል። መኪናዋ በእውነት የተበላሸች መስሎታል። እንዲያ ያልኩት እኔ ነኝ። ያስተማረኝን ሰው፣ አላነበብኩም ብዬ ፊቱ መቆም አቃተኝና፣ አንድ ቀን እንኳ መንገድ ላይ ጥላን የማታውቀዋን መኪና ስሟን አጠፋሁ።

ጋዜጣ የምናነበው እሑድ ጠዋት ነው፤ እሱ ይተኛል፣ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ መስመር ከዘለልኩ ያውቅብኛል። ይህን በአደባባይ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው፤ በዚህ እሑድ መዝለል እንዳልችል።

ከእርስዎ የምለምነው ጥቂት ነው። በቅጽዎ ላይ "የለም" የምትል አንዲት ሦስተኛ ሳጥን ይጨምሩልኝ፤ ባለቤቴም በመኪናችን ተኝቶ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ወንበርዎ ምቹ፣ ወገብዎ ቀና፣ በጀርባ መተኛትም ለእንቅልፍ ብቻ የሚያስፈልግዎ ይሁን እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የግንበኛው ሚስት

ማስታወሻ፦ ወረቀቱን አሁን ከላይ እስከ ታች ዘጠኝ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከእኔ ፊርማ በታች "አውቶማቲክ፣ ፍሪሲዮን አይሠራም፤ አንብቤ አጽድቄአለሁ" በሚለው ሥር የእርስዎ ፊርማ አለበት። ሁለታችንም ሳናነብ ፈርመናል። እኔን ሰልፉ አጣድፎኝ ነው፤ እርስዎን ማን እንዳጣደፈዎት ባውቅ ደስ ይለኛል።