ትከሻው የተደረበ ሸራ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ቸኩዬ ስለምጽፍ ፊደሌ ካላማረህ ታገሠኝ። ከጀልባ ሸራ ሰፊው ቤት አሁን መግባቴ ነው፤ ድንጋጤው ገና አልለቀቀኝም።

እውነቱን ልንገርህ፣ የሄድኩት ለእልህ ነበር። ባለፈው የጀልባ ውድድር የመጨረሻው መዞሪያ ላይ የፊቱን ሸራ ገመድ ስለቀው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ካንቺ ጋር ሁለተኛ አልወዳደርም» አልከኝ። በማግስቱ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄድክ፤ ይኸው ዘጠኝ ወር ሙሉ አልተነጋገርንም። የጀልባችን ሸራ እንደ አሮጌ አንሶላ ሳስቷል። አንተ ሳትሰማ ወፍራም የሽርሽር ሸራ ላሰፋላትና ሁለተኛ ማንንም እንዳትቀድም ላደርጋት አስቤ ነበር። ክፋቴን አየኸው?

ሸራ ሰፊው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው እንደ ልማዳቸው ጠየቁኝ። «በዓመት ስንት ቀን ትወዳደራላችሁ? ስንት ቀንስ ትንሸራሸራላችሁ?»

«ውድድሩ ቀርቷል» አልኳቸው።

«ታዲያ ወንድምሽ ያሰፋውን ማን ሊወስደው ነው? ካለቀ ስድስት ወሩ። ራስሽ እስክትመጪ እንዳልጠራሽ አስጠንቅቆኛል።»

ክው አልኩ። ለካ የሄድክ ዕለት ጠዋት እሳቸው ዘንድ ገብተህ ኖሯል። ያው ደረቁን፣ የሚንኮሻኮሸውን የውድድር ሸራ ይሆናል ያዘዘው ብዬ በሆዴ ተናደድኩብህ። ወለሉ ላይ ሲዘረጉት ግን ለስላሳ ነው፤ በአንድ እጅ የሚታጠፍ፣ ለሽርሽርም ለውድድርም የሚሆን። የፊቱ ሸራ ደግሞ ከድሮው በጣም ያንሳል።

«ነፋሱ ቀለል ሲል በዚህ ይቀድሟችኋል ብዬ መክሬው ነበር። አሻፈረኝ አለ» አሉ።

የትልቁን ሸራ የላይኛውን ጫፍ ሳየው ሦስት ጊዜ ጨርቅ ተደርቦበታል። ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«እኔም ገርሞኛል። አርባ ዓመት ስሰፋ ትከሻዋ ደከመ የተባለች ጀልባ አልሰማሁም። ትከሻ ያለው ይህን ጫፍ ይሆናል ብዬ ደረብኩበት። ግን ወረቀቱን እይው፤ የጻፈውን ነው የሠራሁት።»

ጽሑፉ ያንተ ነው። «ለእሷ የሚመች ይሁን። ትከሻዋ ደካማ ነው፤ የፊቱ ሸራ ብዙ እንዳይጎትታት ይነስላት።»

ጀልባዋን ሁላችንም «እሷ» ስለምንላት ሽማግሌው አልተጠራጠሩም። እኔ ግን ሸራው ላይ ቁጭ አልኩ። «ኧረ በጫማሽ!» ብለው ተቆጡኝ።

ወንድም ጋሼ፣ ከመሰላል ከወደቅኩ ወዲህ ቀኝ ትከሻዬ ልክ አይደለም። ያን ቀን ገመዱን የለቀቅኩት ፈርቼ ሳይሆን እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። ብነግርህ ከጀልባዋ ታወርደኛለህ ብዬ ደበቅኩህ። አንተ ደግሞ አውቀህ ዝም አልክ። መቼ ነው ያወቅከው? ማታ ቦርሳዬን በግራ እጄ ሳነሳ አይተኸኝ ነው? በአንድ ጀልባ ርዝመት ተቀደምን ብለህ እንቅልፍ የምታጣው ሰውዬ፣ ፍጥነትህን ቆርጠህ ለእኔ ሰጠኸኝ፤ ይቅርታ ማለት ግን አቃተህ። እኔም ከአንተ አልሻልም፤ ይቅር በለኝ።

ሸራ ሰፊው «ድራቡን ልፍታው፤ ከንቱ ክብደት ነው» አሉኝ። አይነካም አልኳቸው።

የውድድሩ ቀን ከመድረሱ በፊት ና። መሪውን እኔ እይዛለሁ፣ ገመዱን አንተ ትስባለህ። መጨረሻ ብንወጣም ወጣን። እስክትመጣ ሸራውን አልሰቅለውም።

እሷ