የመፍቻው ፊሽካ

ዓባይ ማዶ፣ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት

ለተጣላሽኝ ወዳጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ማክሰኝትስ ተስማማሽ ወይስ አንቺም ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት መሽተት ጀመርሽ? እኔ አፌ ደህና ነው፤ ልቤ ግን ከሐሙስ ጀምሮ እየደለቀ ነው። ስልክ ከተቋረጠ ሁለት ሳምንቱ፤ ቢሠራም ቁጥሬን ዘግተሽዋል። ስለዚህ ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ ተቀምጦ የሸሸው ሰውዬ ወረቀትና እስክርቢቶ ያዘ። ሳቂ እንግዲህ። ስቀሽ ስትጨርሺ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢ።

አያትሽ ከቤት ወጥተው አልተመለሱም።

አውቃለሁ፣ አሁን ወረቀቱን ልትቀጂው ነው። አምና «አያትሽ ጋሽ አምሐ ወደቁ፣ ድረሺ» ብዬ ደውዬልሽ፣ እያለቀስሽ ስትመጪ በር ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘሻቸው። ያን ቀን «ከእንግዲህ እሳት ተነሣ ብትል ውሃ አላነሣም» አልሽኝ። ልክ ነበርሽ። ዛሬ ግን እሳቱ ተነሥቷል፤ የለኮስሁትም እኔው ነኝ።

ነገሩ ከባቡር ይጀምራል። ብሩክን ታውቂዋለሽ፣ ያን መነጽራም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። በኮምፒውተር ባቡር የሚነዳበት ጌም አለው። የፈረንጅ ባቡር መንዳት ሲሰለቸን የራሳችንን ሠርተን እናስገባ አልን፤ ሞድ ይሉታል። የመረጥነው አያትሽ በጎረምሳነታቸው እሳቷን ይቆሰቁሱላት የነበረችውን፣ ድሬዳዋ ስሟን ጠርቶ የማይጠግባትን የእንፋሎት ባቡር፣ ቁጥር 27ን ነው። ብሩክ ሣላት፤ እኔ ድምፅ ለቃሚ ሆንሁ። አያትሽ መነሻዋን፣ ዳገት ላይ ስታለከልክ፣ ውሃ ስትጠጣ፣ ሁሉንም በአፋቸው ሠሩልኝ። ጥርስ ስለሌላቸው እንፋሎቱማ እንደ ልብ ነው የሚወጣው!

ሁለት ፊሽካ ግን ከለከሉኝ። አንዱ የአደጋው ነው፤ እሱ ሲነፋ የባቡር ሠራተኛ ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሐዲዱ ይሮጣል። ሌላው የመፍቻው ነው፤ እሱ ካልተነፋ ማንም ቦታውን አይለቅም። የመፍቻውን ከልጅ ልጄ በቀር ለማንም አልነፋም አሉኝ። የአደጋውንስ ብዬ ስነዘንዛቸው፦ «ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ለቀልድ ነፋሁት። አገሩ ሁሉ ቃሬዛ ይዞ ወጣ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ሁለተኛ ሲነፋ የነፋው ወንድሜ ገድሉ ነበር» አሉ። ያ ፎቶው በግድግዳችሁ ላይ እስከ ዛሬ ጎረምሳ ሆኖ የቀረው ገድሉ። እኔ ሞኙ «ታዲያ ያን ጊዜ ስንት ሰው ወጣ?» አልኋቸው። ሐይቁን ሲያዩ ቆይተው ገቡ።

እኔ ደግሞ እኔ ነኝ። በማግስቱ ስልኬን ለመቅረጽ ከፍቼ ኪሴ ከተትሁና «የአደጋው ሦስት አጭር ነው አሉ፣ እውነት ነው?» አልኋቸው። ባለሙያ ስሕተት ሰምቶ አያልፍም። «ማነው ያለህ፣ አንተ ደንቆሮ!» ብለው እስከ መጨረሻው ነፉት። ቀዳሁት።

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስፒከሩን በራችሁ ላይ አዙሬ ለቀቅሁት። ሊስቁ መስሎኝ ብልሽ ውሸት ነው፤ እንዲደነግጡ ነበር። ያን የናስ ቁልፍ ያለውን የባቡር ካፖርት ለብሰው፣ ፋኖስ ይዘው ወጡ። በጠራራ ፀሐይ ፋኖስ! በአጠገቤ ሲያልፉ አላወቁኝም። «መጣሁ ገድሉ፣ መጣሁ» ይላሉ። በስልኬ እየቀረጽሁ ሳቅሁ። ስቄ ቀና ስል ወደ ሐይቁ ታጥፈዋል።

ዓርብ ጠዋት ሰላህ የሚባል ዓሣ አስጋሪ ከሐይቁ ዳር ደንገል ሣር ውስጥ አገኛቸው። ሰው ሲጠጋቸው ወደ ውሃው ይገባሉ። ሰላህ በታንኳ ከኋላ ሊይዛቸው ሞክሮ ነበር፤ ውሃው ደረታቸው ሲደርስ እኛው ጮኸን መለስነው። «ፊሽካው አልተነፋም፣ ቦታዬን አለቅም» ይላሉ። ያ የጉማሬ መውጫ መሆኑን ታውቂያለሽ። ዳቦ ጥለንላቸው እንርቃለን፤ ስንመለስ የለም። እሳቸው ይብሉት ውሻ አላውቅም። ትናንት የመፍቻውን በግምት ነፋሁ። አንገታቸውን ነቀነቁና አንድ እርምጃ ወደ ጥልቁ ሄዱ። ሌላ ሞከርሁ። ሌላ እርምጃ። ከዚያ ወዲህ ከንፈሬን ለመክፈት እፈራለሁ።

እናትሽ እትዬ ሰገነት ከሐይቁ ዳር አልተነሡም። የመፍቻውን እሳቸው እንዳያውቁት፣ አንቺ ስታድጊ ፋብሪካ ነበሩ፤ ጆሯቸውንም ማሽኑ ወስዶታል። «ለልጄ እንዳትነግሩብኝ፣ ተኩስ በማያጣው በዚህ መንገድ ትመጣለች» ብለው አስምለውናል። መሐላውን አፈረስሁ። የነፋሁት እኔ መሆኔን ግን አልነገርኋቸውም። ዳቦ ባመላለስሁ ቁጥር «እንደ ልጅ ሆንህልኝ፣ እግዜር ይባርክህ» ይሉኛል።

የመፍቻውን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት አያትሽ ወደ ቤት የሚያስገቡሽ በእሱ ነበር። እኔ አፌን አሞጥሙጬ ሳሾፍባቸው አንዴም በደንብ አልሰማሁት።

አትምጪ። መንገዱን ታውቂዋለሽ። ይህን ያደረሰልሽ የአይሱዙ ሹፌር አስማማው ነገ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሽንኩርት ጭኖ ይመለሳል። ከዚህ በታች ባዶ ቦታ ትቼልሻለሁ፤ ረዥሙን በሰረዝ፣ አጭሩን በነጥብ አድርጊልኝ። ስድብሽን በሌላ ወረቀት ላኪው፤ ቃል በቃል አነበዋለሁ።

ፖስታው ውስጥ የናስ ቁልፍ አለ። ጭቃው ላይ አገኘሁት፤ ከካፖርታቸው የተበጠሰ ነው። አያትሽ ያን ቁልፍ እንኳን ለእኔ ቀልድ ለንጉሥም እንደማይሰጡት አንቺ ታውቂያለሽ።

ክብራን ገብርኤል አንቺን ከክፉ መንገድ፣ እሳቸውን ከጥልቁ ይጠብቅልን። አሜን በይ፤ ብትጣዪኝም አሜን በይ።

አንዴ በውሸት የጠራሽ፣
አሁን ለሁለተኛ ጊዜ የሚጠራሽ፣
የቀድሞ ወዳጅሽ