የጨቅላዎች ልብ ሐኪም የነበሩት የዶክተር ቆንጅት ጓንጉል የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ቆንጅት ከአባታቸው ከመምህር ጓንጉል ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ አትጠገብ ኪዳነወልድ በ1975 ዓ.ም. በፍስሐ ገነት ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን በዲላ አጠናቀው በ2000 ዓ.ም. በሕክምና ተመረቁ። በኋላም የሕፃናት ስፔሻሊስት ሆኑ፤ የአራስ ሕፃን ልብ በአልትራሳውንድ ማየት ተምረው ወደ ዲላ ተመለሱ። ከቡሌ ድረስ ታቅፈው የሚመጡ ጨቅላዎችን እያዩ፣ ደሙ በማይገባው በኩል ሲፈስ ከስክሪኑ ላይ ይለዩ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. ከአቶ ታረቀኝ ዘርዓብሩክ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋብተው ሉሲን ወለዱ። በ2011 ዓ.ም. ሲራክን በኦፕራሲዮን ተገላገሉ። የሕፃኑን ልብ ያየው ባልደረባቸው ለቤተሰቡ ዛሬውኑ አዲስ አበባ ካልሄደ አይተርፍም አለ። አማታቸው ግን «አራስ መደንገጥ የለባትም» አሉ፤ ሐኪሙም አፉን ዘጋ። ያንን ምስል በዲላ ከማንም በላይ ማንበብ የሚችሉት እናት፣ ልጅዎ ትንሽ ቢጫ ሆኖ ለሕክምና መብራት ሥር ነው ተብለው አጥሚት ይጠጡ ነበር። ዘመድ ሲመክር ዋለ፤ ሕፃኑ በማግስቱ አረፈ። ጡታቸው ወተት ሞልቶ ሲያሰቃያቸው ልጄን አምጡልኝ ቢሉ፣ ተቀብሮ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባልና አማትን ከክፍሉ እያስወጡ፣ የእናትን እጅ ይዘው በምታውቀው ቋንቋ፣ በአማርኛም በጌዴኦኛም፣ ሁሉን ለራሷ ይነግሯት ነበር። ጨካኝ ተባሉ። ልጆቻቸው በጊዜ ተልከው የዳኑላቸው እናቶች ዛሬ እዚህ ቆመዋል።

በ2017 ዓ.ም. ሆዳቸውን ታመው ሲመረመሩ ውጤቱ ለቤተሰብ ተነገረ፤ እሳቸው ጨጓራ ነው ተባሉ። አንድ ቀን የክፍላቸውን በር ዘግተው የአልትራሳውንዱን መሣሪያ በገዛ ሆዳቸው ላይ አደረጉና ጉበታቸውን አዩ። ከዚያም በሩን ከፍተው ተረኛዋን እናት አስገቡ።

«ባደረባቸው ሕመም» ተብሎ እንዳይነበብ አዘዋል። ዶክተር ቆንጅት ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ያረፉት በጉበት ካንሰር ነው።

ባለቤታቸው፣ ልጃቸው ሉሲና እህታቸው አመለወርቅ እዚህ አሉ። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ግን እዚህ የሉም። አርጅተዋል፣ አይችሉትም ተብሎ፣ ልጅዎ ለሥልጠና ውጭ አገር ልትሄድ ነው ተብለዋል። ለመንገዷ ብለው ከሚኖሩበት ከወናጎ የላኩት ዳቦ ቆሎ ትናንት ድንኳን ውስጥ ለለቀስተኛ ታድሏል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከሲራክ ጋር በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። ይህን የጻፈችው እህታቸው አመለወርቅ ከመቃብሩ በቀጥታ ወናጎ፣ እናቷ ዘንድ ትሄዳለች። ማንም እንዳይከለክላት።