የማንጎ ማውረጃዬ ምላጭ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አሶሳ

ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ የሠራሁት የማንጎ ማውረጃ ዛሬ ዛፍ ላይ ተሞከረ። ረጅም ቀርከሃ ነው፤ ጫፉ ላይ የመረብ ከረጢት፣ ከከረጢቱ አፍ ላይ ደግሞ ምላጭ አለው። ጎረቤታችን እትዬ አምና ማንጎ ይሸጣሉ። ችግራቸውን ስጠይቃቸው «መሬት ወድቆ ይፈርጣል» ብለውኝ ነበር። መልሱን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

አምስት ማንጎ በአንድ አፍታ አወረድኩ። አንዱም አልፈረጠም። ደስ ብሎኝ ዞር ስል እትዬ አምና አንድ በአንድ ጨበጥ ጨበጥ እያደረጉ ያዩዋቸዋል። ለገበያ የሚሆነው አንዱ ብቻ ነው፤ አራቱ ጥሬ ናቸው።

«ይሄ ምላጭ ሁሉን ይቆርጣል» አሉኝ። ከዚያ ጫፉ ላይ የታጠፈ ሽቦ ያለውን አሮጌ ዘንጋቸውን አስጨበጡኝ። «ሳብ አድርጊ። ቀስ። እምቢ ካለ ተይው፣ አልደረሰም።»

ሳብኩ። ቅርንጫፉ አብሮ መጣ፤ ተውኩት። ሌላው ግን ገና ስነካው እሺ አለ። ልዩነቱ በዘንጉ በኩል እስከ መዳፌ ድረስ ተሰማኝ። ማንጎው ወድቆ ፈረጠ፤ ሁለታችንም ሳቅን።

የቀርከሃውን ርዝመት ለመወሰን ያንን ሁሉ ቀን ክንዳቸውን በሜትር ስለካ፣ እጃቸው ምን እንደሚሰማው እንዴት አልጠየቅኩም?

ምላጩን ፈታሁት። መረቡ ይቆያል። ግን መረቡ ከከበደ ያ ስሜት እጅ ላይ ይደርሳል? ቀርከሃው ቢቀጥንስ?

ጥሬዎቹን ጠረጴዛዬ ላይ ደርድሬ ይህን ስጽፍ እናቴ ገባች።

«ምነው፣ ንፋስ ጣላቸው እንዴ?»

«አይ» አልኳት፣ «እኔ ነኝ።»